ከጡረታ በኋላ የት እንኑር? እኔና ባለቤቴ አልተስማማንም

ሐይቅ_ናፋቂ (ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ የከፈቱት)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ፣

ዕድሜዬ 59 ዓመት ነው፤ ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ጡረታ እወጣለሁ። ባለቤቴ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች፤ እሷ ሥራ ያቆመችው አምና ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሁለቱም ትዳር ይዘው በተለያዩ ከተሞች ይኖራሉ። እኛ ዛሬም ያለነው ልጆቹን ባሳደግንበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ መኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ላይ ናቸው፤ ከአምስቱ ክፍሎች ሦስቱን የምንከፍታቸው አቧራ ለማራገፍ ብቻ ሆኗል።

ያልተስማማንበት ጉዳይ ይህ ነው። እኔ ቤቱን ሸጠን፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት ዕረፍት በወጣን ቁጥር ወደምንሄድባት ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ጠቅልለን እንግባ እላለሁ። ባለቤቴ ሴት ልጃችን ወዳለችበት ከተማ ሄደን በአቅራቢያዋ አነስ ያለ ቤት እንያዝ ትላለች። ሦስተኛው አማራጭ ባለንበት መቆየት ነው፤ ይህን ሁለታችንም አንፈልገውም እንላለን፤ ነገር ግን እስካሁን አንዲት ዕቃ እንኳ ስላላሸግን በተግባር የመረጥነው እሱን ይመስላል።

በሙያዬ ነገሮችን በሠንጠረዥ አስቀምጬ መወሰን የለመድሁ ነኝና፣ ለአየሩ፣ ለኑሮ ወጪው፣ ለጸጥታው፣ ለሕክምናው እና ለመሳሰሉት ከአሥር ነጥብ እየሰጠሁ ደመርሁ፤ ሐይቁ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ባለቤቴ ሠንጠረዡን አይታ «ነጥብ ሰጪውም አንተ፣ ደማሪውም አንተ» አለችኝ። እናንተ በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ምን ምን መዘናችሁ? ሳትመዝኑ ቀርታችሁ ኋላ የቆጫችሁስ ምንድን ነው?

የተመለሰው

ወንድሜ፣ ጽሑፍዎን ሳነብ የራሴን ማስታወሻ ያገኘሁ መሰለኝ። እኔም ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ቤቴን ሸጬ ለዓመታት ዕረፍት ወደማሳልፍበት ስፍራ ገባሁ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ተመለስሁ።

ስፍራው አልከዳኝም፤ ውኃውም፣ አየሩም፣ ጸጥታውም እንደነበረ ነው። የተለወጠው የእኔ ሁኔታ ነበር። ዕረፍተኛ ሰው ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ለሁለት ሳምንት ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠግነው ሰው ስም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ከጎረቤቱ ጋር ባይግባባ ግድ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚመጣው በዓመቱ ውስጥ የተሻለ በሚባለው ወቅት ነው። የዕረፍቱ ወራት ባለፉ ማግስት፣ በእኛ መንገድ ላይ ከነበሩት አሥራ አንድ ቤቶች ማታ መብራት የሚታይባቸው ሦስቱ ብቻ ሆኑ። የቀሩት እንደኔ ያሉ ዕረፍተኞች ቤቶች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ሽኬድ እና ዳንኤል ካነማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ሺህ ገደማ በሚሆኑ አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ያነበብሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ብርዱ በሚበረታበት መካከለኛው ምዕራብ የሚኖሩትም ሆኑ ፀሐያማ በሆነችው ደቡብ ካሊፎርኒያ የሚኖሩት ተማሪዎች «ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው ይበልጥ ደስተኛ ነው» ብለው ገመቱ፤ ስለየራሳቸው ሕይወት እርካታ ሲጠየቁ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሰው ስለ አንድ ቦታ ሲያስብ ዓይኑ የሚያርፈው ጎልቶ በሚታየው በአየሩ ወይም በዕይታው ላይ ነው፤ ቦታው ላይ ሲኖር ግን ቀኑን የሚሞላው ከማን ጋር እንደዋለና ምን እንደሠራ ነው። በእርስዎ ሠንጠረዥ ውስጥ «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከማን ጋር እሆናለሁ?» የሚል ረድፍ አለ?

ሁለት ነገር እመክርዎታለሁ። አንደኛ፣ ጡረታውንና ዝውውሩን በአንድ ጊዜ አያድርጓቸው። ሆልምስ እና ራሄ የተባሉት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት የ43 የሕይወት ለውጦች የጫና መለኪያ ላይ፣ የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ሲሆን ጡረታ 45፣ የመኖሪያ ለውጥ ደግሞ 20 ተሰጥቶታል። ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አልወስዳቸውም፤ ሆኖም ጡረታ ለብቻው ሰውን የሚያንገዳግድ መሆኑን በራሴ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ሳይሸጡ ይከራዩ፤ የሚከራዩትም በመጥፎው ወቅት ይሁን። እኔ ሸጬ ሄጄ ስመለስ በቀድሞው ሰፈሬ ቤት ለመግዛት አቅሜ አልቻለም፤ አሁን የምኖረው ከዚያ በብዙ በሚርቅ ሰፈር ነው።

ነርስ_ነበርኩ

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የማየው ከዚያ በኩል ነውና ይቅርታ።

አብዛኛው ሰው «ከጡረታ በኋላ የት እንኑር» ሲል አንድ ውሳኔ የሚወስን ይመስለዋል። ዩጂን ሊትዋክ እና ቻርልስ ሎንጊኖ የተባሉ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን በእርጅና ዘመን ሦስት ዓይነት ዝውውር እንዳለ አሳይተዋል። የመጀመሪያው ጤናም ገንዘብም ሳለ ወደሚወዱት ስፍራ የሚደረግ ነው። ሁለተኛው ገበያ መሄድ፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት ሲከብድ ወደ ልጅ ወይም ወደ ዘመድ አጠገብ የሚደረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ከባልና ሚስት አንዱ ሲያልፍ ነው። ሦስተኛው ቤተ ሰብ ብቻውን ሊሸከመው ወደማይችል የሙሉ ጊዜ እንክብካቤ የሚደረግ ነው። ሁሉም ሰው በሦስቱም አያልፍም፤ ነገር ግን እርስዎና ባለቤትዎ የምትከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ አይመስለኝም፤ እርስዎ ስለ መጀመሪያው ዝውውር ያወራሉ፣ እሳቸው ስለ ሁለተኛው።

ሕክምናን በተመለከተ፣ «ከተማዋ ጤና ተቋም አላት» የሚለው መልስ አይበቃም። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይለኩት፤ ያውም በሌሊት፣ በዝናብ፣ መንዳት የማይችል ሰው ሆነው። ለምሳሌ በደም ሥር መዘጋት ለሚመጣ የአንጎል ምት (ስትሮክ) የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የደም መፍሰስ አለመሆኑን አንጎልን በሚያሳይ የምስል ምርመራ ማረጋገጥ ግድ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው የምርመራ መሣሪያውም፣ ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም ያለበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው።

አየሩም ለወጣትና ለአረጋዊ አንድ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሰውነትም በላብ ራሱን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በሃምሳ ዓመት «ደስ የሚል ሙቀት» የነበረው በሰማንያ ዓመት የሚያሳምም ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ዝቅ ስለሚል፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ወደ ከፍተኛ ቦታ ከመዛወሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። መውደቅንም አትናቁ። የዓለም ጤና ድርጅት መውደቅን በአደጋ ከሚመጡ ሞቶች በሁለተኛ ደረጃ ያስቀምጠዋል፤ ክፉኛ የሚጎዱትም አረጋውያን ናቸው።

እና መኪና። በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ ሰዎች ቦታ የሚመርጡት እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚነዱ መስሏቸው መሆኑን ነው። ዓይን ይደክማል፤ ሐኪም «ከዛሬ ጀምሮ አይንዱ» የሚልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ዳቦ የሚገዙት እንዴት ነው?

ደስ_ብሎኛል

ተስፋ የሚያስቆርጥ ብቻ እንዳይሆን እኔም ልጻፍ። እኔና ባለቤቴ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ከገባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ አንድም ቀን አልቆጨንም። ነገር ግን ስንገባ እንግዶች አልነበርንም። ከመዛወራችን በፊት ለስድስት ዓመት ያህል በየጊዜው እየሄድን፣ ባለቤቴ በዚያ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት ታነብ ነበር፤ እኔ ደግሞ ንብ ከሚያነቡ ሰዎች ጋር ቀፎ አብሬ እከፍት ነበር። ጠቅልለን በገባንበት ሳምንት ለሠርግ ተጠራን። ለክሩ ባለቤት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በሃያ ዓመት ዕረፍት ውስጥ በዚያች ከተማ ቤቱ ገብተው የተቀመጡበት የአገሬው ሰው አለ? ካለ ይሂዱ። ከሌለ የሚያውቁት ሐይቁን እንጂ ከተማዋን አይደለም።

ሒሳብ_ሹም

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሣም፤ እኔ ላንሣው።

በመጀመሪያ የዋጋ ንረትን ያስሉ። አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ 72ን ለዓመታዊው የዋጋ ጭማሪ ሲያካፍሉ፣ ዋጋ በእጥፍ የሚያድግበትን የዓመት ብዛት በግምት ያገኛሉ። ዋጋ በዓመት 6 በመቶ ቢጨምር በ12 ዓመት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጡረታዎ ከዋጋ ንረቱ ጋር የማይስተካከል ከሆነ፣ በስድሳ ዓመትዎ የሚበቃዎት ገንዘብ በሰባ ሁለት ዓመትዎ ግማሹን ብቻ ይገዛል፤ በሰማንያ አራት ዓመትዎ ሩቡን። ባለቤትዎ ዘጠና ዓመት ቢሞላቸው ከዛሬ ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ «ትንሿ ከተማ ርካሽ ናት» የሚለው የዛሬ ዋጋ ነው፤ በተለይ ዕረፍተኞች የሚጎርፉባቸው ከተሞች ርካሽ ሆነው አይቆዩም።

ቁጠባ ካለዎት ከእሱ በየዓመቱ ስንት ማውጣት እንደሚቻል ዊልያም ቤንገን የተባለው የገንዘብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሰላው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በመጀመሪያው ዓመት ከቁጠባው 4 በመቶ ወጪ አድርጎ፣ ከዚያ በየዓመቱ የወጣውን መጠን ከዋጋ ንረት ጋር ማስተካከል ለሠላሳ ዓመት ያዘልቃል የሚል ነው። የተሠራው ግን በአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ሌላ አገር ላለ ሰው መነሻ ሐሳብ እንጂ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ድንበር የሚሻገር ዝውውር የሚያስብ አንባቢ ካለ ደግሞ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ጠይቆ ያረጋግጥ፦ ጡረታው ወደ ውጭ ይላካል ወይ፤ ከተላከስ በኋላ የሚደረገው ዓመታዊ ማስተካከያ ይቀጥላል ወይ፤ የጤና መድኅኑ እዚያ ይሠራል ወይ። በብዙ አገሮች በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የኖረ ሰው ለግብር ጉዳይ ነዋሪ ተብሎ እንደሚቆጠር አይዘንጋ። የገቢና የወጪው ገንዘብ ዓይነት ሲለያይም ምንዛሬው በራሱ አንድ ሥጋት ነው።

የመጨረሻው፣ ባልና ሚስት ማውራት የማይወዱት ነገር ነው። ጡረታው የእርስዎ ከሆነ፣ እርስዎ ሲያልፉ ለተተኪ የሚከፈለው ስንት ነው? በብዙ የጡረታ ሥርዓቶች ተተኪ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቤቱ ወጪ ግን አንድ ሰው ስለጎደለ በግማሽ አይቀንስም። ሦስቱንም አማራጮች በሁለት ሰው ገቢ ካሰሉ በኋላ፣ እንደገና በአንድ ሰው ገቢ ያስሏቸው።

ሐይቅ_ናፋቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ ለሐይቁ ጠበቃ ሆኜ መቅረቤ ባይቀርም።

ለነርሷ፦ ሙሉ የሕክምና መሣሪያ ያለው ሆስፒታል ከሐይቁ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይርቃል። ይህ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይገባል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ለደስ_ብሎኛል፦ ጥያቄዎን ለሁለት ቀን አሰብሁበት። የማውቃቸው የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትና ጀልባ የሚያከራየው ሰው ናቸው። ሁለቱም ያውቁኛል፤ ሁለቱንም ግን የማውቃቸው እየከፈልሁ ነው።

ለሒሳብ ሹሙ፦ የተተኪውን ጡረታ ጉዳይ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይህን እጽፋለሁ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቄ አሳፍሮኛል።

ነርስ_ነበርኩ

ወንድሜ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባው የሚቆጠረው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። ምልክቱን አይቶ «ይለፍልኝ» ብሎ መተኛቱን፣ መኪና መፈለጉን፣ ከደረሱ በኋላ ምርመራውን ይደምሩበት። የሚነዳውስ ማን ነው? ታማሚው እርስዎ ከሆኑ ባለቤትዎ በሌሊት ይነዳሉ?

ብቻዬን_የቀረሁ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

ባለቤቴ እንደ እርስዎ የውኃ ዳር የሚወድ ሰው ነበር። እኔ ስፍራውን አልጠላሁትም፤ እሱ ሲደሰት ማየቱ ስለሚበቃኝ «እሺ» አልሁ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እጅግ ጥሩ ጊዜ አሳለፍን፤ ይህን እንዳላወራ አልፈልግም፤ በሕይወታችን ካየናቸው ዓመታት የተሻሉት ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት በድንገት አረፈ።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር፣ እዚያ የነበረው ኑሮ የእሱ ኑሮ መሆኑ ነው። ጓደኞቹ የእሱ ጓደኞች ነበሩ፤ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ መጡ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ሰላምታ ሆነ። አልፈርድባቸውም፤ ከሚስቱ ጋር ምን ያወራሉ? እኔ መኪና አልነዳም። ገበያው ከቤታችን ቁልቁል ነው፤ ሲወርዱ ቀላል ነው፣ ሲመለሱ ዕቃ ይዞ ዳገት ነው። እሱ ያለበት መቃብር እዚያ ስለሆነ ትቼው መሄድ ከበደኝ፤ መቆየትም ከበደኝ። ልጆቼ «ነይ» አሉኝ፤ ነገር ግን ቤቱ በዚያ ወቅት ገዢ አላገኘም፤ እሱን እስክሸጥ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ብቻዬን ተቀመጥሁ። በስተመጨረሻ ልጄ አጠገብ ስገባ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነበር፤ በሰባ አንድ ዓመት አዲስ ጎረቤት ማፍራት ይቻላል፣ ግን ሐዘን ይዞ ሲሆን ጉልበት ያንሳል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል እሰማ ነበር። ጎረቤቱ ግን የማን ጎረቤት እንደሆነ ማጣራት ይገባል፤ የሁለታችሁም ነው ወይስ የአንዳችሁ?

ባለቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፤ «እኔ ባልኖር፣ በዚህ ቦታ ትቆያለሽ?» ይበሏቸው። መልሱ «አይ» ከሆነ መሄድ የለባችሁም እያልሁ አይደለም። እኔ ዛሬም ቢሆን እነዚያን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልሰጥም። ግን ቤቱን አንገዛም ነበር፤ እንከራይ ነበር።

የሁለት_አረጋውያን_ልጅ

የልጅን ወገን ልናገር። ወላጆቼ ወደ እኔ ከተማ ተዛወሩ፤ ደስ አለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ የምሠራበት ድርጅት ቅርንጫፉን ሲዘጋ እኔ ሌላ ከተማ ሄድሁ፤ እነሱ ማንንም በማያውቁበት ከተማ ቀሩ። ከእነሱ ጋር ሆኜ ለመቅረት ሥራ አጥቼ ልቀመጥ ወይስ እነሱን ለሁለተኛ ጊዜ ላንቀሳቅስ የሚለው ጭንቀት ትዳሬን ሊያናጋው ደርሶ ነበር። ስለዚህ ልጅን ተከትሎ መሄድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተማው ልጁ ባይኖርበትም ልትኖሩበት የምትችሉት ይሁን። ከመወሰናችሁ በፊትም ልጃችሁን በግልጽ ጠይቋት፤ «በአሥር ዓመት ውስጥ እዚህ ትኖሪያለሽ?» እና «ባልሽስ ምን ይላል?» በሉ። ልጅ ለወላጅ «አትምጡ» ማለት ስለማይሆንላት፣ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

ግንበኛው

በሙያዬ የሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ «ባለንበት መቆየት» የሚለውን አማራጭ ሁሉም ሰው እንደ ስንፍና መቁጠሩ ገርሞኛል።

ክርክሩ ሁሉ ስለ ከተማ ነው፤ አረጋዊ ሰው ግን የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው። የሚከተሉትን በመለኪያ ሜትር ያረጋግጡ፤ ለአዲሱ ቤትም ለአሮጌውም ይሠራል። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያልፍ በሩ ሲከፈት የሚተርፈው ማለፊያ ስፋት ከ80 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ወንበሩ እንዲዞር 150 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ቦታ ይፈልጋል። መግቢያው ደረጃ ካለው በተዳፋት ሲተካ የተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ ሦስት ደረጃ ብቻ ቢኖር እንኳ አምስት ስድስት ሜትር ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። መኝታና መታጠቢያ በአንድ ወለል ላይ ይሁኑ። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ለመትከል ግድግዳው የሰውን ክብደት የሚሸከም መሆን አለበት፤ ይህን ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ማዘጋጀት ርካሽ ነው፣ ከተለጠፈ በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

የእርስዎ ቤት ምድር ቤቱ ላይ አንድ ክፍል ወደ መኝታ፣ ሌላው ወደ መታጠቢያ ቢለወጥ የላይኛውን ፎቅ ለብቻው መግቢያ ሠርቶ ማከራየት ይቻል እንደሆነ ባለሙያ ያሳዩ። ለሒሳብ ሹሙ ስሌትም አንድ የገቢ መስመር ይጨምርለታል።

ደረጃ ሁሉ ጠላት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ፓወል ላውተን እና ሉሲል ናሄሞው እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳስቀመጡት፣ አካባቢ ከሰው አቅም በላይ ሲጠይቅ ይጎዳል፤ ምንም ሳይጠይቅ ሲቀርም ያለውን አቅም ያደክማል። በስድሳ ዓመት ደረጃ መውጣት ስፖርት ነው። ዝግጅቱ የሚያስፈልገው ደረጃው ስፖርት መሆኑን ላቆመበት ቀን ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ግንቡን የሚያፈርሱት እግርዎ ደኅና ሳለ ይሁን።

ባለቤቱ_ነኝ

የክሩ ከፋች ባለቤት ነኝ። ይህን መድረክ እንዳነብ የሰጠኝ እሱ ራሱ ነው፤ ለመጻፍ የተመዘገብሁት ግን ሳልነግረው ነው፤ ማታ ያገኘዋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ ሐይቁን አልጠላሁም። የጠላሁት «ጠቅልለን» የሚለውን ቃል ነው። እሱ ሥራውን ሲያቆም አንድ ነገር ጀምሮ መጨረስ ይፈልጋል፤ እኔ አምና ሥራ ሳቆም ያየሁት ግን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት ምን እንደምፈልግ እንኳ እንደማላውቅ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ልብሴን ለብሼ ሳሎን ቁጭ እል ነበር። እሱ ቢሮ ስለነበር አላየኝም። በዚያን ጊዜ ቤት እንድገዛ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ የትም ቢሆን «እሺ» እል ነበር።

«ብቻዬን የቀረሁ» ብለው የጻፉትን እህቴን አመሰግናቸዋለሁ። ጥያቄያቸውን ማንም እስኪጠይቀኝ አልጠበቅሁም፤ መልሴ «አልቆይም» ነው። ደግሞ ጥያቄው በሌላም በኩል ይጠየቅ፤ እኔ ባልኖር እሱ ሐይቁ ዳር ምን ይበላል? በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ያበሰለውን በጣቶቼ ቆጥሬ እጨርሳለሁ።

የሁለት አረጋውያን ልጅ የሚሉት ደግሞ እኔን ነኩኝ። ትናንት ለልጄ ደውዬ ሁለቱንም ጥያቄ ጠየቅኋት። ለመጀመሪያው ወዲያው መለሰች። ለሁለተኛው ዝም አለች፤ ከዚያ «እማዬ፣ አጠገባችን ሳይሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ርቃችሁ ብትሆኑ» አለችኝ። ይህም መልስ ነው። አልተቀየምሁም፤ ትንሽ ግን ከፍቶኝ ነበር።

የተመለሰው

እህቴ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጥሩ ርቀት ነው። ሳይደውሉ የማይመጡበት፣ ከደወሉ ግን ሾርባው ሳይበርድ የሚደርሱበት ነው።

ሐይቅ_ናፋቂ

አንብቤዋለሁ። ማታ ሳይሆን ጠዋት ቢሮ ሆኜ ነው ያነበብሁት፤ ስለዚያ ሰባት ወር የማውቀው ነገር አልነበረም። ምግቡን በተመለከተ ግን ሁለት እጅ ጣት አይሞላም የሚለውን አልቀበልም፤ እንቁላልን ካልቆጠረችው በስተቀር።

ለሁለት ሳምንት ተነጋገርን። ቤቱን አሁን አንሸጥም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የትም አንሄድም። ከዚያ በሐይቁ ዳር አንድ ቤት ለአራት ወር እንከራያለን፤ የምንከራየውም ነፋሱና ዝናቡ በሚበረታበት፣ እኛ አንድም ጊዜ ሄደን በማናውቅበት ወቅት ነው። ባለቤቴ በዚያ ጊዜ መኪናው ቆሞ እንዲቆይና ገበያም ሐኪምም ዘንድ በእግርና በሕዝብ ትራንስፖርት እንድንሄድ ፈርዳለች። ቀጥሎ በልጃችን ከተማ፣ ከቤቷ አሥራ አምስት ደቂቃ ርቆ፣ ለተመሳሳይ ጊዜ እንከራያለን። ሠንጠረዡን ከእንግዲህ የምንሞላው ሁለታችን ለየብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ።

ለተተኪ የሚከፈለውንም ጠየቅሁ። ከገመትሁት ያነሰ ነው፤ በአንድ ሰው ገቢ ሲሰላ ሐይቁ ዳር ቤት መግዛት እንደማይቻል ግልጽ ሆኗል፤ መከራየት ግን ይቻላል።

ለግንበኛው አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ምድር ቤት ያለው የዕቃ ክፍላችን ስፋቱ 2 ሜትር ከ10፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው፤ የኩሽናው የውኃ መስመር በአንዱ ግድግዳ በኩል ያልፋል። መታጠቢያ ቤት ይወጣዋል? ተሽከርካሪ ወንበሩ የሚዞርበትን ክብ በኖራ ወለሉ ላይ አሥዬው ነበር፤ የመጸዳጃው መቀመጫ የት እንደሚሆን ግን አልገባኝም።